በቤት የሚሠራ ሳሙና ፒኤች 7 ይሆናል ወይ?

ባሕር ዳር ሳሙና የሚሠራ ሰው ሞልቷል። ገሚሱ ተደራጅቶ ፈሳሽ ሳሙና በጄሪካን እየሞላ ለምግብ ቤትና ለሆቴል ያከፋፍላል። ገሚሱ ደግሞ ጓዳው ውስጥ በጥቁር አዝሙድ፣ በእሬት፣ በሞሪንጋ ወይም በማር የገላ ሳሙና ሠርቶ ባዛር ሲኖር ይዞ ይወጣል። ሁለቱም ጋ አንድ የማያልቅ ጭቅጭቅ አለ። ማሸጊያው ላይ «ፒኤች 7፣ ለቆዳ ተስማሚ» ብሎ መጻፍ ይቻላል ወይስ ደንበኛ ማታለል ነው?

መልሱን አስቀድሜ ልናገረው። ከዘይትና ከኮስቲክ ሶዳ የተሠራ ሳሙና 7 አይሆንም። ሆነ ከተባለ ወይ መለኪያው ተሳስቷል፣ ወይ የተለካው ሌላ ዕቃ ነው። ጭቅጭቁ የማያልቀው ግን «የኔ 7 ነው» የሚለውም ሰው ብዙ ጊዜ ስለማይዋሽ ነው። እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ፒኤች የሚባለውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ይሠራ ነበር። መለኪያው ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 14 ይቆጠራል። 7 መሐል ነው፣ ገለልተኛ። ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካሊ። ሎሚ 2 አካባቢ ነው፣ በውሃ የተበጠበጠ ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ 13ን ያልፋል። አንድ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ልዩነቱ 10 እጥፍ ስለሆነ በ7 እና በ10 መካከል ያለው ርቀት የ1,000 እጥፍ ነው። በዚያው ልክ 10 ከ13 በ1,000 እጥፍ ያንሳል። «አልካሊ» ሲባል የሚደነግጥ ሰው ይቺን ይያዝልኝ።

ወደ ሥራው እንግባ። ዘይት ወይም ሞራ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ስቡ ይፈርስና ሳሙናና ግሊሰሪን ይወጣል። ልኩ እንደ ዘይቱ ይለያያል። 1 ኪሎ የኮኮናት ዘይት 183 ግራም ገደማ ኮስቲክ ይፈልጋል፣ 1 ኪሎ የከብት ሞራ 140 ግራም ገደማ፣ የወይራ ዘይት ደግሞ 135 ገደማ። የጎጃም ኑግ ለብቻው ሲሠሩት ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ ቶሎም ይበላሻል፤ ስለዚህ ከኮኮናት ወይም ከሞራ ጋር መቀላቀል ይሻላል።

ኮስቲኩ በልኩ ገብቶ ሙሉ በሙሉ አለቀ እንበል። ቅንጣት ትርፍ የለም። ያም ሆኖ ሳሙናው ውሃ ሲነካው 9 ወይም 10 ያሳያል። ምክንያቱ ሳሙናው ራሱ ነው። ከዘይቱ የሚወጣው አሲድ ደካማ ነው፣ ኮስቲክ ሶዳ ግን ኃይለኛ አልካሊ። የሁለቱ ልጅ ወደ ጉልበተኛው ወላጅ ያደላል።

ማመን ያቃተው ሰው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ሳሙናውን ፈቅፍቆ ያሟሟና ሎሚ ይጭመቅበት። መጀመሪያ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ጠብታው ሲበዛ ግን ውሃው ይነጣል፣ አረፋው ይከስማል፣ ትንሽ ቆይቶ ላዩ ላይ ነጭ የሚያጣብቅ ቅባት ይሰፍራል። ያ ቅባት የዘይቱ አሲድ ነው። ሎሚው ከኮስቲክ ሶዳው የመጣውን ሶዲየም ነጥቆ ሳሙናውን ወደ ኋላ መልሶታል። እንግዲህ ሳሙናን ወደ 7 ማውረድ ማለት ይሄ ነው፤ አረፋም የለ፣ እድፍ ማንሳትም የለ።

ሌላ ማስረጃ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት አለ። ነጠላ ላይ አልጫ ወጥ ሲፈስ እድፉ ቢጫ ነው። በደረቅ ሳሙና ሲያሹት ድንገት ይቀላል፣ የማያውቅ ሰው ልብሴ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። በደንብ ሲያለቀልቁት ቢጫው ይመለሳል። የእርድ ቀለም ፒኤቹ 8ን አለፍ ሲል ስለሚቀላ ነው። ካርካዴም እንዲሁ ያጋልጣል፤ ቀዩ ውሃ ላይ የሳሙና ውሃ ሲጨምሩበት ቅላቱ ይጠፋና ወደ አረንጓዴ ይሄዳል።

አሁን «የኔ 7 ነው» ወደሚለው ሰው እንምጣ። ፈሳሽ ሳሙና የሚሠራ ከሆነ እውነቱን ነው። ሰው ሁሉ ላርጎ እያለ የሚጠራው ዓይነት ፈሳሽ ከዘይት አይሠራም። ዋናው ነገሩ ላብሳ ነው፤ ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚሠራ ወፍራም፣ ቡናማ፣ ኃይለኛ አሲድ። በርሜል ውስጥ ከውሃ ጋር ይበጠበጥና ኮስቲክ ሶዳ ጥቂት በጥቂት ይገባበታል። በእንጨት ያማስላሉ፣ የፒኤች ወረቀት (በተለምዶ ሊትመስ የሚሉትን) ይነክራሉ፣ እንደገና ያማስላሉ። ወረቀቱ 7 ሲያሳይ ኮስቲኩ ይቆማል። ከዚያ ቴክሳፖን ለአረፋ፣ ጨው ለማወፈር፣ ቀለም፣ ሽታ። (ጨው ሲበዛ ተመልሶ ይቀጥናል። ብዙ ጀማሪ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።) ኃይለኛ አሲድ ከኃይለኛ አልካሊ ጋር ስለተገናኘ 7 ላይ ማረፍ ይችላል፣ አረፋውም ንቅንቅ አይልም። ይህን ሥራ የለመደ ሰው ወደ ደረቁ ሳሙና ሲሻገር ያንኑ 7 ይጠብቃል። ኬሚስት የመጀመሪያውን ዲተርጀንት፣ ሁለተኛውን ሳሙና ይላል፤ ሱቅ ውስጥ ግን ሁለቱም «ሳሙና ስጠኝ» ተብለው ነው የሚገዙት።

ፋብሪካም ቢሆን 7 የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካ ገበያ ላይ የወጣው ዶቭ የሚባለው የገላ ማጽጃ ወደ 7 የሚጠጋው በአብዛኛው በሰው ሠራሽ ማጽጃ የተሠራ ስለሆነ ነው። ጓዳ ውስጥም የተዘጋጀውን ማጽጃ በዱቄት ገዝቶ፣ ከቅባት ጋር ለውሶ፣ በቅርጽ ተጭኖ 7 ወይም ከዚያ ዝቅ ያለ ደረቅ ማጽጃ ማውጣት ይቻላል። እሱም የእጅ ሥራ ነው። ኮስቲክና ዘይት የነካካው ግን አይደለም።

ደረቅ ሳሙና ሠሪዎች የሚያነሷቸው መከራከሪያዎች ሦስት አራት ይሆናሉ። የመጀመሪያው «ሲቆይ ይወርዳል» ነው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ማድረቅ ጥሩ ልማድ ነው፣ ሳሙናው ይጠነክራል፣ ቶሎ አያልቅም። ግን አብዛኛው ኮስቲክ ሥራውን የጨረሰው በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ነው። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ውሃ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ስለሆነ፣ ግሊሰሪንም እርጥበት ስለሚስብ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ መደርደሪያ ላይ ያለው ሳሙና ያልበዋል። ይህን አይቶ «ኮስቲኩ እየወጣ ነው» የሚል አለ። አይደለም፣ እርጥበት ነው።

ሁለተኛው ሱፐርፋት ነው፤ ማለትም 5 በመቶ ያህሉ ዘይት ሳይለወጥ እንዲቀር ኮስቲኩን መቀነስ። ለ1 ኪሎ ሞራ በ140 ፈንታ 133 ግራም መሆኑ ነው። ይህ በጣም ደግ ሥራ ነው፣ ቆዳ ያለሰልሳል፣ የሚዛን ስሕተትም ይሸፍናል። ፒኤቹን ግን ወደ 7 አያወርድም። ሦስተኛው አቼቶ ወይም ሲትሪክ አሲድ መጨመር ነው። 10 ግራም ሲትሪክ አሲድ 6 ግራም ገደማ ኮስቲክ ይበላል፣ በዚያ ልክ ተጨማሪ ዘይት ሳይለወጥ ይቀራል። ጠንካራ በሚባለው፣ ካልሲየም በበዛበት ውሃ ላይ የሚታየውን ነጭ ዝቃጭ ይቀንሳል፣ ለዚህ ለዚህ ይጠቅማል። ለ7 ሲባል ግን አይሆንም፤ ያ የሎሚው ብርጭቆ ነው።

ወረቀቱስ? እርጥብ ሳሙና ላይ ሊትመስ ለጥፎ «7 አለኝ» ማለት ልክ አይደለም። ሳሙና የወረቀቱን ቀለም ያዛባል፣ በቂ ውሃም የለም። 1 ግራም ፍቅፋቂ በ99 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ማሟሟት፣ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ መንከር ነው። የተጣራ ውሃ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ነው፤ አደራ፣ አሲዱን እንዳትገዙ። በፒኤች ሜትር ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ኬሚካል ምሕንድስና የሚያስተምረው ፖሊ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ማለት ነው፣ እዚሁ ከተማ ስለሆነ ሜትሩን እዚያ ጠይቆ ማየት ነው።

«ድሮ ሰው ያለ ኮስቲክ በእንዶድ ያጥብ ነበር» የሚልም አይታጣም። ልክ ነው። የእንዶድ ፍሬ አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን በሚባል የተክል ንጥረ ነገር ነው፣ የዘይት ሳሙና አይደለም፣ ኮስቲክም አያውቅም። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ሥር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ያዩት፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ማለት ነው፣ በዚሁ ሳፖኒን ምክንያት ነው። ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ቢልሃርዝያ እንግዳ አይደለም። ግን እንዶድ የልብስ እንጂ የፊት ማጠቢያ አይደለም፣ ዓይን ያቃጥላል።

ቆዳስ ምን ይላል? የጤነኛ ሰው ቆዳ ላዩ አሲድ ነው፣ 5 አካባቢ። ስለዚህ 7 ራሱ ለቆዳ «ልኩ» አይደለም፤ ማሸጊያው ላይ ቁጥሩን የሚያጋንኑት ሰዎች ይህን አይነግሩም። በሳሙና ሲታጠቡ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ በባዶ ውሃም ትንሽ ከፍ ይላል፣ በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ይወርዳል። ጤነኛ ቆዳ ይህን ይችላል። ኤክዜማ ያለበት ሰውና አራስ ሕፃን ግን ቆዳቸው ቶሎ አያገግምም። ለእነሱ ጥቁር አዝሙድ ገባበት ማር ገባበት ሳይሉ ሽታ የሌለው ለስላሳ ዲተርጀንት መጠቀም ይሻላል፣ ሐኪምም የሚመክረው ይህንኑ ነው።

በእጅ የተሠራ ሳሙና ላይ ሊፈራ የሚገባው 10 ሳይሆን ያልተቀላቀለ ኮስቲክ ነው። በዓይን ግምት የተመዘነ፣ በኩባያ የተለካ፣ ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ ነጭ ቅንጣት ወይም ፈሳሽ የቋጠረ ሳሙና ቆዳ ይልጣል። ሠሪዎች እርጥብ ጣት ሳሙናው ላይ አሽተው ምላሳቸውን ጫፍ ያስነካሉ፤ ከነዘረ ትርፍ ኮስቲክ አለው ማለት ነው፣ አይሸጥም። ማሸጊያው ላይ መጻፍ ያለበትም የዘይቱ ዓይነት፣ የተሠራበት ቀንና «ትርፍ ኮስቲክ የለውም» የሚለው ነው፤ ይህን በሚዛን ማረጋገጥ ይቻላል።