ግሬን ምንድን ነው? የጥቁር ባሩድ ስፍርና ሚዛን

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ለውዝ በጣሳ የገዛ ሰው የዚህን ነገር ግማሹን ያውቀዋል። ከነቅርፊቱ ያለ አንድ ጣሳ ለውዝና የተፈለፈለ አንድ ጣሳ ለውዝ በስፍር እኩል ናቸው፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን አይገናኙም። ሻጯ ጣሳውን ሁለት ጊዜ መታ መታ ካደረገችው ደግሞ ሌላ እፍኝ ይገባል። በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ «25 ግሬን ይጎርሳል» ሲባል ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ግሬን የክብደት ስም ነው፤ ባሩዱ የሚለካው ግን በስፍር ነው።

ግሬን የእንግሊዞች የቆየ የክብደት መለኪያ ነው፤ ስሙም የእህል ቅንጣት ማለት ነው። አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ይመዝናል። አንድ ግራም 15.43 ግሬን፣ አንድ ፓውንድ ደግሞ 7,000 ግሬን ይሆናል። ወርቅ በወቄት ለሚያስብ የሐረር ሰው እንዲህ ቢባል ይቀላል፦ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር 28.07 ግራም ነው፣ ይህም 433 ግሬን ገደማ። ያን ያህል ባሩድ የሽጉጡን አንድ ጉድጓድ (በሚዞረው ሲሊንደር ውስጥ ባሩድና አረር የሚገባበትን ቀዳዳ) በ25 ግሬን ሒሳብ 17 ጊዜ ያጎርሳል።

ታዲያ ለምን አይመዘንም? ድሮም ባሩድ የሚያዘው በቀንድ ወይም በመዳብ ኮዳ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1887 ፈረንሳዊው ባለቅኔና ነጋዴ አርተር ራምቦ ለምኒልክ ያደረሳቸው በካፕ (ሲመታ እሳት በሚሰጥ ትንሽ የብረት ቆብ) የሚተኩሱ ያረጁ ጠመንጃዎችም የዚሁ ዘመን ዕቃዎች ናቸው። ባሩዱ ከቀፎ ጋር ተዘግቶ አይመጣም፣ ተኳሹ ራሱ ይሰፍራል። የዛሬው መስፈሪያ ከነሐስ የተሠራ ጠባብ ቱቦ ሲሆን፣ ከታች የሚንሸራተት ዘንግ አለው፤ ዘንጉ ላይ በየ5 ወይም በየ10 ግሬኑ መስመር ተቀርጿል። 25 ላይ ሲቆለፍ የሚይዘው ቦታ 25 ግሬን የሚመዝን ጥቁር ባሩድ ያህል ነው። ከፋብሪካ ፋብሪካ አንድ ሁለት ግሬን ቢለያይ ጥቁር ባሩድ ይታገሣል። የማይታገሠው የእጅ መለዋወጥን ነው፤ አንዱን ቆልሎ፣ ሌላውን አጉድሎ፣ ሦስተኛውን አንኳኩቶ የሞላ ሰው ስድስቱ ጥይቶቹ ስድስት ቦታ ያርፉበታል። ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይፈስሳል፣ ቱቦው ሁልጊዜ እኩል ጊዜ መታ መታ ይደረጋል፣ አፉም በጠፍጣፋ ነገር ይላጫል።

ልኩ እንደ ሽጉጡ ነው። እ.ኤ.አ. የ1851ዱ ኮልት ኔቪ ዓይነት ባለ .36 (ቁጥሩ የአፈሙዙ ስፋት በኢንች ነው) ብዙውን ጊዜ 20 ግሬን ገደማ ይበቃዋል። የ1860ው ኮልት አርሚና የ1858ቱ ሬሚንግተን ዓይነት ባለ .44 ደግሞ ከ25 እስከ 30 ግሬን ይወስዳሉ። የ1847ቱ ኮልት ዎከር ጉድጓድ 60 ግሬን ይውጣል፤ የዚያ ዘመን ብረት ግን ያን ሁሉ አልቻለውም፣ ሲሊንደራቸው የፈነዳባቸው ነበሩ። ሽጉጡ ገላው ከነሐስ የሆነ የእነዚህ ቅጂ ከሆነ ዝቅተኛውን ልክ መያዝ ይሻላል፣ ነሐሱ ቀስ በቀስ ይለጠጣልና። ከሁሉም በፊት የሚታመነው የሠሪው መመሪያ ነው።

ሌላው ግራ የሚያጋባው በባሩዱ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው የኤፍ (F) ፊደል ብዛት ነው። ኤፍ የቅንጣቱን መጠን እንጂ ክብደትን አይናገርም፤ ኤፉ በበዛ ቁጥር ቅንጣቱ ይደቅቃል፣ ቃጠሎውም ይፈጥናል። ለሽጉጥ የሚሆነው ሦስት ኤፍ ነው፣ ሁለት ኤፍ ለትልልቅ ጠመንጃ።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ባሩዱ በመጀመሪያ መስፈሪያው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ። ከኮዳው በቀጥታ አይፈስስም፤ ከፊተኛው ተኩስ የቀረ ፍም ጉድጓዱ ውስጥ ካለ የሚነደው 25 ግሬን ብቻ አይሆንም፣ በእጅ የተያዘው ኮዳ ጭምር ነው። ከባሩዱ ላይ የእርሳስ አረሩ በሽጉጡ ዘንግ ተጭኖ ይገባል። አረሩ ከጉድጓዱ ጥቂት ሰፋ ማለት አለበት፤ ሲገባ ዙሪያው ተልጦ ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ከወደቀ ልኩ ነው። ቀለበት ካልወጣ እሳት በጎን ሾልኮ የጎረቤቱን ጉድጓድ ሊያቀጣጥል ይችላል። ለዚህም ነው ከአረሩ በላይ ሞራ የሚቀባው ወይም ከሥሩ ቅባት የነካው ክብ ጨርቅ የሚገባው። ካፕ የሚለበሰው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከመቺው ሥር ያለው ጉድጓድም ባዶ ይተዋል።

ባሩዱ ከበዛ ሽጉጡ ራሱ ይናገራል፦ አረሩ ከጉድጓዱ አፍ ወጣ ብሎ ይቀራል፣ ሲሊንደሩም አይዞርም። ካነሰ ግን ዝም ይላል፣ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። አረሩ ባሩዱ ላይ ሳይደርስ በመካከል ባዶ ቦታ ከተተወ ግፊቱ ይዛባና ብረቱን ሊጎዳ ይችላል። ልኩን መቀነስ የፈለገ ሰው ጉድለቱን በሰሞሊና (ሻካራ የስንዴ ዱቄት) ወይም በበቆሎ ዱቄት ይሞላል፣ አረሩንም አጥብቆ ይጫነዋል።

ፓይሮዴክስ የሚባለው ምትክ በእኩል ስፍር ከጥቁር ባሩድ 30 በመቶ ገደማ ይቀልላል። 30 ግሬን ብሎ ሚዛን ላይ ያስቀመጠው ሰው እንግዲህ በስፍር 43 ያህል ጨምሯል ማለት ነው። በስፍር ከሆነ 30 መስመር ላይ ይሞላል፣ አለቀ። ትሪፕል ሰቨን የሚባለው ሌላው ምትክ ደግሞ ኃይለኛ ስለሆነ ስፍሩ በ15 በመቶ ይቀነሳል። ጭስ አልባው ዘመናዊ ባሩድ ግን በምንም ልክ አይገባም። የዘመኑ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ከ4 እስከ 6 ግሬን ብቻ ይዞ ሥራውን ይሠራል፤ በዚያ ባሩድ 25 መስመር የሞላ ሰው ሽጉጥ ሳይሆን ቦምብ ይዟል።

መስፈሪያውን ለመፈተን ሚዛን የሚጠቀም ሰው የወርቅ ሠሪ ሚዛን ይበቃዋል፣ ግን ሁለት ነገር ይመልከት። አንደኛ፣ እስከ 0.1 ግራም ብቻ የሚያነብ ሚዛን አንድ ግሬን ተኩልን አይለይም፤ 0.01 የሚያነብ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የመለኪያ መቀየሪያው ቁልፍ ግራምና ግሬንን በአንድ ፊደል ብቻ ይለያቸዋል። 25 ግሬን በግራም ሲነበብ 1.62 ነው።

ሥራው የከሰል ምድጃ፣ የዕጣን ማጨሻና ሲጋራ በሌለበት ይሠራል፤ ቡና እየተፈላ ባሩድ አይሰፈርም። በክረምት እርጥበት አግኝቶ የጓጎለ ባሩድም ስፍሩ ስለማይታመን አይሞላም፣ ለመፍጨትም አይሞከርም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ከአያት የተወረሰ አሮጌ ሽጉጥ ሣጥን ውስጥ ከተገኘ ደግሞ ባዶ ነው ብሎ ማመን አይገባም። ከዘመናት በፊት የተጎረሰ ጥቁር ባሩድ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ዛሬም ይነድዳል።