ስለ ኦቲዝም ምርመራ ሰፈር ውስጥ የሚወራውና እውነታው

ኮዬ ፈጬ አካባቢ ልዩ ፍላጎት ክፍል ነው የማስተምረው። ጠዋት ልጅ ሊያደርሱ የሚመጡ እናቶች በር ላይ ቆመው የሚያወሩትን እሰማለሁ፣ ኦቲዝም የሚለውን ቃል አሁን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው፣ ምርመራው ላይ ግን የሚናፈሰው ወሬ ብዙ ነው፣ በዛ ወሬ ምክንያት ሰው ወይ ይቀራል ወይ የሌለውን ብር ያወጣል።

«ኤምአርአይ ካልተነሳ አይታወቅም»

ኪስ የሚያራቁተው ይሄ ነው። ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራም የጭንቅላት ምስልም የለም። ሐኪሙ እንደዛ ያለ ነገር የሚያዘው ሌላ ችግር ሲጠረጥር ነው፣ ለምሳሌ ልጁ የሚጥል በሽታ ምልክት ካለው። የጆሮ ምርመራ ግን እንዳታልፉት፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ልጅ መጀመሪያ መስማቱ ይረጋገጥ። ከዛ በኋላ ያለው ማየትና መጠየቅ ነው።

ማየት ስል፣ ልጁ ምንጣፍ ላይ ይቀመጥና መኪና፣ ኳስ፣ አሻንጉሊት፣ የሳሙና አረፋ ምናምን ይቀርብለታል። ዝም ብሎ ለሚያይ ሰው ጨዋታ ነው። መርማሪዋ አረፋውን ነፍታ ነፍታ ድንገት ታቆምና ትጠብቃለች። ልጁ ቀና ብሎ ያያታል? በጣቱ ያሳያል? ወይስ ፊቷን ሳያይ እጇን እንደ ዕቃ ይዞ ወደ ጠርሙሱ ይወስዳል? መኪናውን ይነዳል ወይስ ገልብጦ ጎማውን ብቻ ያሽከረክራል? ኤዶስ የሚባለውና ብዙ አገር የሚሠራበት መመዘኛ እንዲህ ነው የሚካሄደው፣ ከ40 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይፈጃል። ጎማ ያሽከረከረ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም፣ ሁሉም ተደምሮ ነው የሚታየው።

መጠየቁ ደግሞ ወደ እናንተ ነው። መቼ ዳኸ፣ መቼ አፉን ፈታ፣ የሚያውቀውን ቃል ረስቶ ያውቃል ወይ፣ እንቅልፉስ፣ ምግቡስ። የክትባት ካርዱን ያዙ (ክትባቱ ራሱ ነው ያመጣው የሚለውን ወሬ የጀመረው በፈረንጆቹ የ1998 ጽሑፍ በ2010 ባወጣው መጽሔት ራሱ ተሰርዟል፣ እሱን ተዉት)፣ የድሮ ቪዲዮ ካለ ስልካችሁ ላይ አዘጋጁ፣ ቤት ውስጥ የሚያደርገውን ቀርጻችሁ ውሰዱ ምክንያቱም እዛ ሲደርስ አኩርፎ ምንም ላያሳይ ይችላል።

«እንግሊዝኛ ያወራል እኮ፣ ኤቢሲዲውን ጨርሶታል»

ይሄን በጣም ነው የምሰማው። ከዩቲዩብ ቁጥሩን፣ ቀለሙን፣ የእንስሳቱን ስም በእንግሊዝኛ ይወርዳል፣ ውሃ ሲጠማው ግን «ውሃ» ብሎ አይጠይቅም፣ ያለቅሳል ወይ እጅ ይጎትታል። መርማሪው የሚፈልገው ስንት ቃል እንደሚያውቅ ብቻ አይደለም፣ ቃሉን ከሰው ጋር ለመገናኘት ይጠቀምበታል ወይ ነው። ስለዚህ ፈተና ያለ ይመስል አስጠንታችሁ አትውሰዱት፣ በማንነቱ ይታይ። ቤት ኦሮምኛ ውጪ አማርኛ መስማቱም ኦቲዝም አያመጣም፣ የለመደበትን ቋንቋ ግን ለመርማሪው ንገሩ።

«ዓይን ካየ ኦቲዝም አይደለም»

ዓይን የሚያዩ አሉ። እኛ ጋ ደግሞ ትልቅ ሰው ፊት ማቀርቀር ያደግንበት ሥርዓት ስለሆነ ዓይን አለማየት ብቻውን ምልክት ሊሆን አይችልም፣ ጥሩ መርማሪ ይሄን ያውቃል፣ ካላወቀ እናንተ ንገሩት።

«አባቱም በአራት ዓመቱ ነው ያወራው»

አያቶች ይሄን ሲሉ ልጁን ከመውደድ ነው፣ ግን ጊዜ ይበላል። ኤም-ቻት የሚባል 20 ጥያቄ ያለው ቅጽ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ነው የተዘጋጀው፣ ያን ያህል ቀድሞ መጠርጠር ይቻላል ማለት ነው። እሱ ማጣሪያ ነው እንጂ ውጤት አይደለም። ጤና ጣቢያ ሂዱና ሪፈር ጠይቁ፣ ጳውሎስና የካቲት 12 ሆስፒታሎች የሕጻናት አእምሮ ሕክምና አላቸው። ዘሚ የኑስ ለልጇ ቦታ አጥታ በ2002 በፈረንጆቹ የጀመረችው ጆይ፣ ወላጆች ያቋቋሙት ነህምያ የሚባሉ የኦቲዝም ማዕከሎችም አሉ፣ ወረፋቸው ረጅም ስለሆነ ቶሎ ተመዝገቡ።

«እርግማን ነው፣ እናትየው ናት»

አይደለም። ስለ እርግዝናና ወሊድ የሚጠየቀው ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም፣ እናቶች እባካችሁ እዛ ጋ አትሸማቀቁ። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፣ ቀጠሮውን ግን አይሰርዝ።

«የልጅ ነገር ነው፣ ትልቅ ሰው ምን ሊሆን ይመረመራል»

መጀመሪያ ኦቲዝም አለበት ከተባሉት አንዱ አሜሪካዊው ዶናልድ ትሪፕሌት ነው፣ ታሪኩ በፈረንጆቹ 1943 የወጣው ሕጻን ሆኖ ነበር፣ አድጎ ባንክ ሠራ፣ ጎልፍ ተጫወተ፣ በ2023 በ89 ዓመቱ ሞተ። ልጁ ያድጋል፣ ኦቲዝሙም አብሮት። ከተማችን ውስጥ ሳይታወቅላቸው 30 እና 40 የሞሉ አሉ፣ በተለይ ሴቶች «ዝምተኛ፣ ጨዋ» ተብለው ታልፈዋል።

ለትልቅ ሰው ምርመራው በአብዛኛው ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። ሥራ ላይ ምን ያስቸግርሃል፣ ጓደኛ እንዴት ትይዣለሽ፣ ሜክሲኮ ታክሲ ተራ የወያላው ጩኸት ምን ያደርግሃል፣ ለቅሶ ቤት ስትገቢ ምን እንደሚባል ቀድመሽ ትለማመጃለሽ ወይ። መሸፈንም ይጠየቃል፣ ቀን ሌላውን ሰው መስሎ ውሎ ማታ በር ዘግቶ መውደቅ ማለት ነው። ምልክቱ ከልጅነት የጀመረ መሆን ስላለበት እናት ወይ ታላቅ እህት ይዞ መሄድ በጣም ይረዳል፣ የሌለው የድሮ ሪፖርት ካርዱን ይያዝ፣ አስተማሪ የጻፈችው አንድ መስመር እንኳ ይጠቅማል። ውጤቱ ጭንቀት ወይም ሌላ ነገር ነው ሊባልም ይችላል፣ እሱም ቢሆን መታወቁ ጥሩ ነው።

«ውጤቱ ሲወጣ መድኃኒት ይሰጣል»

ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፣ አለኝ የሚላችሁን ሽሹ። ለእንቅልፍ ወይም ለሚጥል በሽታ ሊታዘዝ ይችላል። ወረቀቱ ላይ መጻፍ ያለበት የሚችለውም የሚያስቸግረውም ነው፣ ያልገባችሁን መስመር እዛው አስነብቡ፣ ኮፒውን ለትምህርት ቤት ስጡ።

«እስከዛ እጅ አጣጥፎ መጠበቅ ነው»

ይሄ ያናድደኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና እዚህ አዲስ አበባም ተሞክሯል፣ እሱም ቢሆን የምርመራ ወረቀት አይጠብቅም። መሬት ላይ ከልጁ ፊት ለፊት ቁጭ በሉ፣ እሱ የያዘውን ያዙ፣ የሚያደርገውን በአጭር ቃል ስሙን ጥሩለት፣ «መኪና፣ ሄደ»፣ ከዛ ዝም ብላችሁ ጠብቁት፣ ተራውን ስጡት።