የክርስትና አባት ማለት ምን ማለት ነው?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ፣ ሕፃኑ «አምናለሁ» ሊል ስለማይችል፣ በእርሱ ፈንታ ሰይጣንን ክዶ እምነቱን የሚመሰክርለት የክርስትና አባት ወይም እናት ነው። ብዙ ሰው ይህን የክብር ስም ብቻ አድርጎ ይወስደዋል፤ ይህ ግን ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ያን ቃል የሰጠው ሰው፣ ከወላጆቹ ጋር፣ ልጁን ሃይማኖቱን እያስተማረ የማሳደግ ግዴታ ገብቷል። ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት ይቆማል። ዝምድናው እንደ ሥጋ ዝምድና ስለሚቆጠርም የክርስትና ልጅ ከክርስትና አባቱ ልጆች ጋር አይጋባም። የቀኖቹ ልዩነት፣ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ከሚለው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ትረካ ጋር ይያያዛል። ሕፃኑ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ካገኘው ግን ቀኑ ሳይጠበቅ ይጠመቃል።