የ14 ቀኑ ገደብ የሚለካው ምኑን ነው?
በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ያለን የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር አዘጋጆች ደጋግመን የምንጠያየቅበት የ14 ቀን ገደብ፣ ለኦፕን ኤስ ኤስ ኤፍ (ለክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ደኅንነት የሚሠራ ተቋም) የመልካም አሠራር ባጅ (ፕሮጀክቱ መስፈርቶቹን ማሟላቱን የሚያሳይ ምልክት) የመጀመሪያ ደረጃ ከሚጠየቁት መስፈርቶች አንዱ ሲሆን፣ የሚለካውም ሶፍትዌሩ የደኅንነት ክፍተት እንዳለበት ለሚገልጽ ጥቆማ የመጀመሪያው ምላሽ እስኪሰጥ ያለውን ጊዜ እንጂ ክፍተቱ እስኪታረም ያለውን አይደለም። ለምሳሌ ጥቆማው መስከረም 1 የደረሰው ፕሮጀክት እስከ መስከረም 15 ድረስ «ደርሶናል፣ እየመረመርነው ነው» ብሎ ከመለሰ መስፈርቱን አሟልቷል።

የእርማቱ ገደብ ሌላ ነው፦ ክብደቱ መካከለኛ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ክፍተት በይፋ ከታወቀ በኋላ ከ60 ቀን በላይ ሳይታረም መቆየት የለበትም።

ጥቆማው በግል ኢሜይል ይምጣ ወይስ በአደባባይ የሚለው በየፕሮጀክቱ ይለያያል፤ ግዴታው የአቀባበሉን መንገድ በፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ላይ ማሳወቅ ነው። እኔ የግሉን አጥብቄ እመክራለሁ፤ እርማቱ ሳይደርስ ክፍተቱ አደባባይ ከወጣ፣ የሚጎዳው ሶፍትዌሩን አምኖ የጫነው ተጠቃሚ ነውና።