ማልሮኒ ጎበዝ ጠበቃ ስለነበር ነው የተመረጠው? ኧረ ተዉ!

ቶሮንቶ ውስጥ ሀበሻ ቡና ላይ ተቀምጦ የካናዳ ፖለቲካ ከተነሳ አንዱ ይቺን ማለቱ አይቀርም፣ "ብሪያን ማልሮኒ እኮ ቀለሜ ነበር፣ ፍርድ ቤት ሲረታ ሲረታ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ" ይልና ወደ ልጁ ዞሮ "አንተም ሕግ ግባ!" በሕግ ሙያ ነው የምተዳደረው፣ በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሰውየው ኪውቤክ የባር ፈተና (የጥብቅና ፈቃድ ፈተና) ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሁለቴ! ፈተናውን ያለፈው በ1965 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው)። የሚሠራበት የሞንትሪያል የሕግ ድርጅት ያላባረረው ሰው አያያዝ ስለሚችል ነው እንጂ ለውጤቱ ብሎ አይደለም። ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከርም አይደለም ስም ያወጣለት፣ የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ ነበር፣ ማለትም አድማ ሲነሳ አሠሪውን ወክሎ ከማህበሩ ጋር እስከ ሌሊት ሲደራደር የሚያመሽ። ሕዝብ ያወቀው በ1974 ኪውቤክ ውስጥ በጄምስ ቤይ ግድብ ሥራ ላይ የተነሳውን ረብሻ ባጣራው የክሊሽ ኮሚሽን አባል ሆኖ ነው። በ1976 ለፕሮግረሲቭ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ መሪነት ተወዳድሮ በጆ ክላርክ ተሸነፈ፣ ከዛ የብረት ማዕድን ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ በ1983 ተመልሶ ክላርክን አሸነፈ። እና ልብ በሉ፣ መሪ ሲሆን አንድ ቀን እንኳ ፓርላማ ገብቶ አያውቅም፣ ወንበር ያገኘው ከሁለት ወር በኋላ በማሟያ ምርጫ ነው።

ይሄን የማነሳው እኔም ኦንታሪዮ ላይ ከሁለቱ የጥብቅና ፈተናዎች ባሪስተር የሚባለውን አልፌ ሶሊሲተር የሚባለውን ስለወደቅኩ ነው። መጽሐፍ ይዘህ ነው የምትገባው፣ ግን የሰው ኢንዴክስ (የትኛው ርዕስ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ የሚጠቁም ዝርዝር) ኮፒ አድርጌ ገብቼ አንዲት የሞርጌጅ ጥያቄ ላይ ወረቀት ሳገላብጥ ሰዓቱ አለቀ። ስለዚህ ከአገር ቤት ዲግሪ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ መጀመሪያ ዲግሪያችሁን አስገምግሙ፣ ኢንዴክሱን በገዛ እጃችሁ ሥሩ፣ ከወደቃችሁም ለዘመድ አዝማድ ሳታወሩ ድጋሚ ተመዝገቡ።

"ሕዝቡ በቀጥታ መረጠው" የሚሉም አሉ። ካናዳ እንደዛ የሚባል ነገር የለም፣ በ1984 ፓርቲው ከ282 ወንበር 211 አገኘ፣ እሱም የራሱን ወረዳ አሸንፎ ነው የገባው።

"ፓርቲውን ሁለት ወንበር ላይ የጣለው እሱ ነው" የሚሉም አሉ፣ ግን በ1993 ምርጫ መሪዋ ኪም ካምቤል ነበረች (እሷም ጠበቃ ናት)። በሱ የተማረረ ሕዝብ ነው የቀጣት ካላችሁኝ ግን አልከራከርም።

"በ77ቱ (በኛ አቆጣጠር) ድርቅ የደረሰልን ትሩዶ ነው" የሚሉ ትልልቅ ሰዎችን ማረም ይከብዳል፣ ግን ፒየር ትሩዶ ያኔ ሥልጣን ለቆ ነበር። ማልሮኒ ቃለ መሐላ የፈጸመው መስከረም 1984 ነው፣ የረሀቡ ምስል በቲቪ የወጣው ጥቅምት ላይ። እሱ የላከው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ወዲያው ኢትዮጵያ ድረስ መጣ። ማን መሰላችሁ? ያ በ1983 በማልሮኒ የተሸነፈው ጆ ክላርክ።