«ጥፋቱን እኮ ያውቃል!» እና ሌሎች ስለ ውሻ የምንሰማቸው ስህተቶች

ሥራዬ ሰው ቤት እየሄድኩ ውሻ ማሠልጠን ነው። ሰሚት ብሄድ፣ ጀሞ ብሄድ፣ አያት ብሄድ ወሬው አንድ ነው። ገና አረፍ ሳልል ያቺ ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፦ «ጥፋቱን እኮ ያውቃል!» እሷን በደንብ እመጣባታለሁ። መጀመሪያ ትንንሾቹን ላራግፍ።

«የሐበሻ ውሻ አይማርም፣ ጀርመን ሼፐርድ ግን ተምሮ ነው የሚወለደው።» ተምሮ የሚወለድ ውሻ የለም። ሼፐርድ ከሰው ጋር እንዲሠራ እየተመረጠ የተራባ ዝርያ ስለሆነ ቶሎ ይይዛል። ካላስተማሩት ግን ትልቅ ጥርስ ያለው መሃይም ነው። ከመንገድ የተነሳ የሐበሻ ቡችላ ጠዋት ጀምሮ ከምሳ በፊት «ተቀመጥ»ን ሲይዝ አይቻለሁ።

«በእንግሊዝኛ ካልነገሩት አይሰማም።» ለእሱ ሁሉም ድምፅ ነው። ብቻ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ቃል ይያዝ። አባት «ሲት»፣ እናት «ቁጭ በል»፣ ልጆች «አረፍ በል» እያሉት ያ ምስኪን የማንን ይስማ?

«ሚጥሚጣ ቢበላ ኃይለኛ ይሆናል።» ሆዱን ያመዋል። በቃ።

«ካደገ በኋላ አይማርም።» ይማራል። ትልቅ ውሻ እንዲያውም ከቡችላ የተሻለ ቀልብ አለው፤ የሚያስቸግረው የቆየ አመሉ ነው። ጊዜው የሚያልፈው ሌላ ነገር ነው፦ ዓለምን መላመድ። ቡችላ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ በደህና ሁኔታ ያየውን ነገር በኋላ ብዙም አይፈራም። ባጃጅ፣ ዣንጥላ የያዘ ሰው፣ ሕፃን ልጅ፣ ድንኳን፣ ሁሉንም በዚያን ጊዜ ማየት አለበት። ሰዉ ግን «ክትባቱን ሳይጨርስ አይወጣም» ብሎ በር ይዘጋበትና ዓመት ሲሞላው «ለምንድነው እንግዳ የሚፈራው?» ይለኛል። መሬት ሳይረግጥ፣ ታቅፎ መውጣት ይችላል እኮ!

አሁን ወደ ራስ ምታቴ።

ነገሩ ሁሌም እንዲህ ነው። ሰውዬው ከሥራ ይመለሳል። በረንዳ ላይ የነበረው ጫማ ተበልቷል። ሶሉ ተገንጥሎ ጓሮ ተጥሏል። ውሻው ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ጭራውን እግሩ መሃል ሸጉጦ፣ የዓይኑን ነጭ እያሳየ ግድግዳ ይታከካል። «አየህ? ባያውቅ ኖሮ ለምን ይደበቃል?» ከዚያ ጫማው አፍንጫው ላይ፣ መጥረጊያው ወገቡ ላይ።

አያውቅም። ያ ፊት የፍርሃት ፊት ነው። የእናንተን አረማመድ፣ ትከሻ፣ የድምፃችሁን ለውጥ አይቶ «ዱላ መጣ» ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኒውዮርኩ ባርናርድ ኮሌጅ የምትሠራው የውሻ ተመራማሪ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ 14 ውሾች ላይ ሞክራዋለች። ባለቤቱ ምግብ አስቀምጦ «እንዳትነካ» ይልና ይወጣል። እሱ በሌለበት ምግቡ አንዴ ለውሻው ይሰጣል፣ አንዴ ይነሳል። ባለቤቱ ሲመለስ ደግሞ አንዳንዴ እውነቱ፣ አንዳንዴ ውሸት ይነገረዋል፤ «በልቷል» ከተባለ ውሻውን ይቆጣል። ውጤቱ ግልጽ ነበር። ውሻው የሚሸማቀቀው ሲቆጡት ነው፤ መብላት አለመብላቱ ለውጥ አላመጣም። ይባስ ብሎ፣ ጎልቶ የተሸማቀቀው ሳይበላ የተቆጡት ውሻ ነው።

አንዲት ደንበኛዬ፣ እትዬ ልበላቸው፣ ይህን ስነግራቸው «የፈረንጅ ውሻ ነው እሱ» አሉኝ። እሺ፣ እንሞክረው አልን። ውሻቸውን ቦቢን ጓሮ አስገብተን በሩን ዘጋን። አሮጌ ነጠላ ጫማ በቢላዋ ቀዳድጄ በረንዳው ላይ በተንኩት። ከዚያ ቦቢን ለቀቅነው፤ እትዬ ደግሞ ከውጭ በር ገቡ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ጎንበስ ብለው ጫማውን አነሱ፣ ወደ እሱ ዞሩ። ቦቢ በሆዱ ተንፏቀቀ፣ ከንፈሩን ላሰ፣ የአበባ ማሰሮ ሥር ተወሸቀ። ጫማውን አፍንጫው እንኳን አልነካውም! እትዬ ትንሽ አሰቡና ምን አሉኝ? «እንግዲያው ሌላ ያጠፋው ነገር አለ።»

የውሻ አእምሮ ሽልማትንም ቅጣትንም የሚያገናኘው ከዚያችው ቅጽበት ጋር ነው። አንድ ሁለት ሰከንድ ካለፈ አለፈ። ጫማውን የበላው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ዱላው የመጣው ማታ 11 ሰዓት ላይ። እሱ የያዘው ትምህርት «ሰውዬው ከሥራ ሲገባ ያማል» የሚል ነው። ሽንቱ ላይ አፍንጫውን ማሸትም ያው ነው፤ በዚህ የሚማረው ሶፋ ጀርባ ሄዶ መሽናት ብቻ ነው። የሚያናድደኝ ደግሞ «ቦቢ፣ ና!» ብለው ጠርተው የሚመቱት ናቸው። ሳምንት ሳይሞላ ይደውሉልኛል፦ «ስጠራው አይመጣም።» እኔም ብሆን አልመጣም።

እና ምን ይደረግ? ጫማውን አንሱ፤ ለእሱ የሚታኘክ ነገር ስጡት። ከዚያ «ና»ን እንደ አዲስ አስተምሩ። ሥጋ ቤት ሄዳችሁ ሳምባ ወይም ጉበት ግዙ። ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት ቀቅሉት፤ ሽንኩርት ውሻን ይመርዛል፣ የወጥ ትርፍራፊም ለዚሁ አይሆንም። ሽምብራ በሚያካክል መጠን ቆራርጡት። ከምግብ ሰዓቱ በፊት፣ ሲርበው፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ስሙን ጥሩና «ና» በሉ። አንዴ ብቻ! «ና ና ና ና» ካላችሁት አራተኛው ላይ መምጣት ይለምዳል። ሲደርስ ወዲያው ስጡትና መልሳችሁ ልቀቁት። መልቀቁን አትርሱ፤ መምጣት የጨዋታ ማብቂያ ከመሰለው ይቀራል። አምስት ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ፣ ይበቃል። ቤት ውስጥ ሲጸናለት ጊቢ፣ ቀጥሎ ረጅም ገመድ አድርጋችሁ ውጭ። ለመታጠብ፣ ለመርፌ፣ ለመታሰር ግን በጭራሽ አትጥሩት። ሄዳችሁ አምጡት።

«ታዲያ ዕድሜ ልኬን ሳምባ ልቀቅል?» የለም። ከለመደ በኋላ አንዳንዴ ብቻ ስጡት። መቼ እንደሚሰጠው ስለማያውቅ ይበልጥ ይተጋል።

«የበላይነትህን ካላሳየኸው ይንቅሃል።» ይህ ከተኩላ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሩዶልፍ ሼንከል ተይዘው አጥር ውስጥ የተዘጉ ተኩላዎችን አጥንቶ ስለ አለቅነት ትግል ጻፈ። ዴቪድ ሜች በ1970 መጽሐፉ ወሬውን አስፋፋው። ይኸው ሜች ግን በ1999 በዱር ያሉት መንጎች አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ አባትና ልጆቻቸው እንደሆኑ ጽፎ ነገሩን አረመው። ተመራማሪው ራሱ የተወውን እኛ ውሻ በጀርባው እየጣልን እንጫናለን። አንድ ቀን ፊታችሁን ቢነክሳችሁ በራሳችሁ ፍረዱ።

የመጨረሻዋ፦ «ቀን ታስሮ ሌሊት ሲፈታ ጎበዝ ጠባቂ ይሆናል።» ቀኑን ሙሉ ሁለት ሜትር ሰንሰለት ላይ የሚዞር ውሻ ሲፈራ መሸሽ አይችልም። ስለዚህ ይናከሳል። የሚነከሰው ደግሞ ሌባ አይደለም፤ ምግብ ያመጣችው ሠራተኛ ናት፣ ኳሱን ተከትሎ የገባ የጎረቤት ልጅ ነው። ሌሊት ሲፈታ ለድመት ይጮሃል፣ ለቆርቆሮ ይጮሃል፣ ለነፋስ ይጮሃል። ሁሌ ለሚጮህ ውሻ ደግሞ ማንም መስኮት ከፍቶ አያይም። ቤተሰቡን የሚያውቅ፣ ሲጠሩት የሚመጣ፣ «በቃ» ሲሉት ዝም የሚል ውሻ ሲጮህ ግን ዘበኛው ይነሳል። እንግዳ መጥቶ ማሰር ግድ ከሆነ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ጥላና ውኃ ባለበት፣ ልጆች በማይደርሱበት ይሁን።