የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ የአካል እንቅስቃሴና ክብደት፦ የሐዋሳ ዳሰሳ

የአእምሮ እድገት ውስንነት ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ፣ መማርንና ነገር መረዳትን፣ የዕለት ኑሮን በራስ መምራትንም የሚያከብድ ሁኔታ ነው። ከታወቁት ምክንያቶቹ አንዱ ልጁ አንድ ተጨማሪ ክሮሞዞም ይዞ ሲፈጠር የሚመጣው ዳውን ሲንድሮም ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የያዘ ቤተሰብ ሀኪም ዘንድ ሲቀርብ ስለ ንግግሩ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ካለበትም ስለሚጥል በሽታው ይጠይቃል። ስለ ክብደቱ የሚያነሳ ጥቂት ነው። ልጁ ሲወፍርማ ሰፈሩ «ተመችቶታል» ብሎ ይመርቃል።

ውፍረት በእነዚህ ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው በብዛት እንደሚታይ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ዳውን ሲንድሮም ያለው ልጅ ጡንቻው ልል ነው። የታይሮይድ ዕጢውም ከሌላው ልጅ ይልቅ ቶሎ ይደክማል። ዕጢው ሲደክም ሰውነት ይዝላል፣ ክብደት ይጨምራል። ስለዚህ «ሰነፍ ነው» ከማለት በፊት ደሙ ይመርመር። ሰውነቱ በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ጉልበት ያነሰ ነው የሚሉም አሉ፤ በዚህ ላይ ግን ተመራማሪዎች አልተስማሙም። ፕራደር ዊሊ የሚባለው፣ ብዙ የማያጋጥም ሁኔታ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ሰውየው የቱንም ያህል ቢበላ የመጥገብ ስሜት አይመጣለትም። እዚያ ቤት ምክር ብቻውን አይሠራም፤ ጓዳው መቆለፍ አለበት። መድኃኒትም አለ። ለጠባይ የሚታዘዙት ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤት ክብደት ይጨምራሉ። ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን በራስ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። ለሀኪሙ መንገር ይሻላል።

እኔ ከመድኃኒቱ ይልቅ የምጠረጥረው ጉርሻን ነው። አክስት ታጎርሳለች። ጎረቤት ቡና ላይ ዳቦ ታስጨብጠዋለች። ባለሱቁ ለነፍሱ ብሎ ብስኩት ይሰጠዋል። ሲያለቅስ ለስላሳ ይከፈትለታል። የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር ሊኖረው ይችላል፤ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ሁሉም የሚሰጠው ከአንጀቱ ነው። ሌላው የሰጠውን ግን ማንም አይቆጥርም። በዚያ ላይ ሰው እንዳያፈጥበት እየተባለ ልጁ ቤት ይውላል። ወጣ ከተባለም በባጃጅ ነው።

ስፖርት ለእነዚህ ሰዎች ይገባል የሚለው ሐሳብ ታሪኩ በደንብ የተጻፈው በአሜሪካ ነው። ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር እ.ኤ.አ. በ1962 ሜሪላንድ በሚገኘው ግቢዋ ለእነዚህ ልጆች የክረምት ካምፕ ከፈተች። እህቷ ሮዝሜሪ ራሷ የአእምሮ እድገት ውስንነት ነበረባት። በሐምሌ 1968 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያው ስፔሻል ኦሊምፒክስ ቺካጎ በሚገኘው ሶልጀር ፊልድ ስታዲየም ተካሄደ። ከአሜሪካና ከካናዳ 1,000 ያህል ተወዳዳሪዎች ተገኙ። የውድድሩ ብልሃት ምድቡ ነው። ተወዳዳሪው በችሎታ ከሚመጣጠኑት ጋር ይሰለፋል፤ ስለዚህ ዘገም የሚለውም የእውነት ይሽቀዳደማል። ውድድር የሚጀመረው ከ8 ዓመት ነው። በ1997 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ተወዳዳሪዎች በነጻ የሚመረመሩበት የጤና ፕሮግራም ተጨመረ። ጥርስ፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ እግር ሳይቀር ይታያል። ፓራሊምፒክ ሌላ መንገድ ነው። እዚያ በሲድኒ 2000 የወርቅ ሜዳሊያ የወሰደው የስፔን የቅርጫት ኳስ ቡድን አብዛኞቹ ተጫዋቾች ውስንነት የሌለባቸው ሆነው ተገኙ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው የሚወዳደሩበት ምድብ ተዘጋ። የተመለሰው በለንደን 2012 ነው። የጥፋቱን ዕዳ የከፈሉት ምንም ያላጠፉት ናቸው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 (ዓ.ም.) አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 ስፖርትንም ይጨምራል።

ወደ ሐዋሳ እንምጣ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መሬቷ ሜዳ ነው። ብስክሌት የለመደች ከተማ ናት፤ ለእግረኛ እንደ እርሷ የሚመች ከተማ በአገራችን ብዙ አላውቅም (አዳማዎች ይቅር ይበሉኝ)። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው መዝናኛ ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል የሚወስደው የሐይቅ ዳርቻ ጥላ አለው። ታቦር ተራራ ግን ልብ ለሚያስቸግረው ሰው ይከብዳል። ዳውን ሲንድሮም ካላቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ስለሚወለዱ ይህ መታወቅ አለበት። በሐይቁ መዋኘት ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ብልሃርዚያ አለ። ሲመሽ ጉማሬም ይወጣል። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ልዩ ፍላጎትንም ስፖርት ሳይንስንም ያስተምራል። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ሜዳ ላይ ቢገናኙ ከተማዋ ሌላ ምን ትፈልጋለች? ምግቡም ከፋ አይባልም። አሞራ ገደል ላይ ከተጠበሰው ዓሣ ይልቅ የዓሣ ሾርባውን መምረጥ ይቻላል። በቅቤ የራሰው የሲዳማ የቆጮ ምግብ፣ ቡርሳሜ ሲቀርብ ደግሞ ሳህኑን አነስ ማድረግ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ሃያዎቹን የጀመረ የሚመስል ወጣት ከእናቱ ጋር አየሁ። ጫማው ክር የለውም፤ በጨርቅ የሚለጠፍ ነው። ቀኝ ኪሱ ውስጥ የለስላሳ ቆርኪ ሞልቷል። ከአንድ ዋርካ ተነስቶ ሌላው ጋ ደርሶ ሲመለስ አንድ ቆርኪ ወደ ግራ ኪሱ ያሻግራል። ቁጥር ይጠፋበታል፤ ኪሱ ግን አይሳሳትም። «እማ፣ ሦስት ቀረ» አላት። አምስት ነበር የቀረው። እሷም አላረመችውም። ባለሙያዎች በሥዕልና በሚጨበጥ ነገር አሳዩ የሚሉት ይህንኑ ነው። አንድ ሰዓት፣ አንድ መንገድ፣ አንድ አጃቢ። መንገዱ በየቀኑ ከተለወጠ ነገር ይበላሻል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አካል ጉዳተኞችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ጠቅሷል። ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ለልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይላል። ከ10 ደቂቃ መጀመር ነውር የለውም። ዳውን ሲንድሮም ባለበት ሰው የልብ ምት ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ የጂም ማሽን ላይ የተጻፈው ቁጥር አያገለግልም። እያወራ መራመድ ከቻለና መዝፈን ካቃተው ልኩ እሱ ነው። የአንገት አጥንት መላላት ያለበት ልጅ ደግሞ በጭንቅላቱ መገለባበጥና ኳስ በቴስታ መምታት የለበትም። ዳውን ሲንድሮም ያለው ሁሉ የአንገት ራጅ ይነሳ የሚሉ ሀኪሞች አሉ፤ ምልክት ለሌለው አያስፈልግም የሚሉም አሉ። የእጅ መዛል ወይም የአካሄድ መለወጥ ከታየ ግን ክርክር የለውም፣ ዛሬውኑ ሀኪም ቤት ነው።

ለመመዘን ውድ ዕቃ አያስፈልግም። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች አንዱን መርጦ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጫማ አውልቆ መመዘን ነው። ሚዛን ከሚዛን ስለሚለያይ ባለሚዛኑን መቀያየር ያሳስታል። ወገብን በልብስ ሰፊ ሜትር መለካትም ይቻላል። ያ የቆርኪው ወጣት ለሚዛኑ ግድ የለውም። እናቱ እንደነገረችኝ ግን ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ የገባ ቀን ሸሚዙን ገልቦ ለባጃጅ ሹፌሩ ሳይቀር አሳይቷል።